የሰፈር ሰላም በምን ይለካል?

ቤት የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ሰፈሩ ሰላም ነው?» መልሱም አጭር ነው። «ሰላም ነው» ወይም «ኧረ እዛ እንዳትገባ!» ችግሩ ሰፈር በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር አለመሆኑ ነው። ሌባ የሚመርጠው ጥግና ሰዓት እንጂ የሰፈር ስም አይደለም።

በቁጥር ሲለካ የተመዘገበው ወንጀል ለነዋሪው ብዛት ይካፈልና ለ100,000 ሰው ስንት እንደሚደርስ ይነገራል። ትልቅ ከተማን ከትልቅ ከተማ ለማነጻጸር ደህና ዘዴ ነው። ወደ ሰፈር ሲወርድ ግን ይንገዳገዳል። 2,000 ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንውሰድ። በዓመት 4 ቤት ቢሰበር ለ100,000 ሰው 200 ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 6 ቢሰበር 300 ገባ። «የቤት ስርቆት በ50 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ይወራል። የጨመረው ሁለት ቤት ነው። ምናልባትም አንድ ሌባ በአንድ ሌሊት የሠራው። ስለዚህ የትንሽ ሰፈር ቁጥር የበርካታ ዓመታቱ አንድ ላይ ካልታየ ብዙም አያወራም።

ሌላው ጣጣ ቁጥሩ የሚካፈልበት ሕዝብ ነው። ቢሮና ሱቅ የበዛበት ሰፈር ቀን በሰው ይጥለቀለቃል፣ ማታ ጥቂት ሰው ያድርበታል። ኪሱን የተበረበረው መንገደኛ ከወንጀሉ ጋር ይቆጠራል፣ ከነዋሪው ጋር ግን አይቆጠርም። በዚህ ስሌት መሀል ከተማ ሁልጊዜ የቀማኛ ዋሻ ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው አለ። ስልኩን የተቀማ ሰው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። «ላያገኙልኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ይተወዋል። የመኪና ስርቆት በብዛት ይመዘገባል፤ ኢንሹራንስ ያለ ፖሊስ ወረቀት አይከፍልማ። ቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት አብዛኛው እንደተደበቀ ይቀራል። ግድያ ለመደበቅ ስለሚከብድ አጥኚዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የእሱን ቁጥር ያምናሉ። ክፍተቱን ለመሙላት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሰዎችን በቀጥታ ይጠይቃሉ፦ ባለፈው ጊዜ ምን ደረሰብህ? ለፖሊስ ተናግረሃል ወይ? ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ ይገርማል። ሰው ፖሊሱን ማመን ሲጀምር አቤቱታው ይበዛል፣ ወንጀል የጨመረም ይመስላል።

አሁን ወደ ጥጉ እንምጣ። አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ አስቡ። ከጀርባው ረጅም ግንብ አለ። ግንቡ አንድም መስኮት የለውም። የመንገዱ መብራት ከተቃጠለ ሁለት ወር ሆኖታል። ግንቡ ሲያልቅ ወዲያም ወዲህም የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ደፋ። ፊቱ በስክሪኑ ብርሃን ቦግ ብሏል። ለቀማኛ ከዚህ በላይ ምን ይመቸዋል? ንብረቱ ይታያል፣ የሚያይ ሰው የለም፣ መሮጫው ክፍት ነው። ከዚያ 80 እርምጃ ርቆ ግን ሰዎች ደጃቸው ቆመው ያወራሉ፣ መስኮቶቹ በርተዋል። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ሰፈር ስም ይጠራሉ።

ይህን ጉዳይ የማኅበረሰብ አጥኚዎቹ ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 በቀላሉ አስቀምጠውታል። ወንጀል የሚሆነው ሦስት ነገሮች አንድ ቦታ ሲገጥሙ ነው፦ ለመስረቅ የተነሳ ሰው፣ ምቹ ዒላማ፣ የጠባቂ አለመኖር። ጠባቂ ሲባል ፖሊስ ብቻ አይደለም። ጎረቤትም መንገደኛም ጠባቂ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በወጣ ጥናት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ለፖሊስ የተደወሉ ጥሪዎች ሲቆጠሩ ግማሹ የመጣው ከከተማው ቦታዎች 3 በመቶ ያህሉ ላይ ነበር። «መጥፎ» በሚባል ሰፈር ውስጥም አብዛኛው መንገድ ዝም ያለ ነው።

ቤት ሰባሪም እንዲሁ ነው። አንዴ የገባበት ቤት ዳግም የመሰበር ዕድሉ ከፍ ይላል፣ በተለይ በቀጣዮቹ ሳምንታት። በሩ እንዴት እንደሚከፈት አውቋል፣ ውሻ አለመኖሩን አይቷል፣ የተወሰደው ቴሌቪዥን በአዲስ እንደሚተካም ይገምታል። የአጠገቡ ቤቶችም አያመልጡም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሌባ ደግሞ አንዴ የነቀነቀውን አጥር አይረሳም። ስለዚህ ጎረቤት ሲሰረቅ ቁልፍ መቀየሪያው ጊዜ ያኔውኑ ነው።

ምን ይረዳል? መብራት ይረዳል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በዕጣ በተመረጡ የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች ኃይለኛ መብራት ተተክሎ በምሽት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ፊላዴልፊያ ደግሞ ባዶ ቦታዎችን አጽድታ ሣር ተከለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት በድሃ ሰፈሮቿ የጠመንጃ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል። ካሜራ የሚሠራው በዋናነት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ለጠብና ለድብደባ እምብዛም ነው። የፖሊስ መኪና ዝም ብሎ ሰፈሩን ሲዞር ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ ካንሳስ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 ሞክራ አይታዋለች። ፖሊሱ በእነዚያ ጥቂት ጥጎች ላይ ሲቆም ግን ወንጀሉ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜም ወደ ጎረቤት መንገድ አይሸሽም።

እኔን ከሁሉም የሚስበኝ ግን የቺካጎው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ጥናት ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በ343 ሰፈሮች ያሉ 8,782 ነዋሪዎችን አነጋገሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መንገድ ላይ ሲውሉ ጎረቤት ይናገራል ወይ የሚል ነበር። «አዎ፣ ይናገራል» በሚባልበት ሰፈር ጥቃቱ አነስ ይላል። ድህነቱ ከግምት ገብቶም ውጤቱ ያው ነው። ጎረቤቶቹ የልብ ጓደኛ መሆን የለባቸውም። «አንተ ልጅ፣ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» የሚል ሰው ካለ በቂ ነው።

ፍርሃት ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። መንገድ ላይ በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው፣ በብዛት ፍርሃት የሚሰማቸው ግን እነሱ አይደሉም፤ ሴቶችና አረጋውያን ናቸው። ፍርሃታቸው ሞኝነት አይደለም። አንዲት ሴት ያልተጠቃችው ማታ ስለማትወጣ ሊሆን ይችላል፣ ያ ጥንቃቄዋ ደግሞ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አይገባም። የተሰበረ መስታወትና አንድ ወሬ ሰፈርን ለዓመታት ስሙን ያጠፉታል። ስሙ የጠፋበት ሰፈር ሰው በጊዜ ይገባል፣ መጋረጃውን ይዘጋል። ያኔ ከፌርማታው 80 እርምጃ ርቆ የነበረው መንገድም ጭር ይላል።