ላሪ ሆልምስ ባይኖርስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣችንን በልተን ቡና እየጠጣን ነበር። ቲቪው ላይ የድሮ ቦክስ ይታያል። መሐመድ አሊ ገመዱን ተደግፎ ዝም ብሎ ቡጢ ይቀበላል። «ይሄ ሰውዬ ባይፈጠር ኖሮ አሊ በክብር ይጨርስ ነበር» አሉ ጋሼ፣ ሁሌ ከእኛ ጋር የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህር።

አሊን የሚመታው ሰውዬ ላሪ ሆልምስ ነው። ከ1978 እስከ 1985 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀበቶውን 20 ጊዜ አስጠብቋል። በዚህ ሚዛን በተከታታይ ከእሱ በላይ ያስጠበቀው ጆ ሉዊስ ብቻ ነው፣ 25 ጊዜ። ከጋሼ ንግግር በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ሆልምስን እያወጣ የራሱን ታሪክ ይጽፍ ጀመር። ዓሣው ሳያልቅ የጀመርኩትን መልስ እዚህ ልጨርሰው።

«አሊ ለአራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ይሆን ነበር»

ይህ የጋሼ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ አምነው ነበር።

አሊ በመስከረም 1978 ሊዮን ስፒንክስን አሸንፎ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ጓንቱን ሰቀለ። ጥቅምት 2 ቀን 1980 ላስ ቬጋስ ላይ ሲመለስ 38 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተጋጠመም። ክብደቱን የቀነሰው የታይሮይድ መድኃኒት እየወሰደ ነው። ሲያዩት አምሮበታል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ሦስቱም ዳኞች አንድም ዙር አልሰጡትም። ከአሥረኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጀሎ ደንዲ በቃ አለ። አሊ በ61 ፍልሚያዎቹ ሳይጨርስ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ሆልምስን እናውጣው። ቀበቶው ማን ጋ ይቀራል? ኬን ኖርተን ጋ። ኖርተን ቀበቶውን ያገኘው በወረቀት ነው፤ ያኔ ሁለት የቦክስ ማኅበራት የየራሳቸውን ቀበቶ ይሰጡ ነበር፤ አንዱ፣ WBC፣ ከስፒንክስ ነጥቆ ሰጠው። ሆልምስ በሰኔ 1978 የነጠቀው ለጥቂት ነበር፤ ሁለት ዳኞች 143 ለ142 ለሆልምስ፣ አንዱ በዚያው ቁጥር ለኖርተን። ይኼው ኖርተን በመጋቢት 1979 ኧርኒ ሼቨርስ ፊት አንድ ዙር እንኳ አልሞላም። ሼቨርስ ማለት አሊን በ1977 15 ዙር ያሰቃየ፣ ሆልምስን ራሱን በ1979 መሬት ያስነካ ሰው ነው።

ታዲያ 38 ዓመት የሞላውን አሊ ማን ሊጠብቀው ነው? ወይ ሼቨርስ፣ ወይ ሌላኛውን ቀበቶ፣ የWBAን፣ የያዘው ማይክ ዊቨር። ሆልምስ የአሊ የልምምድ አጋር ሆኖ ያደገ ልጅ ነው። ፍልሚያውን ያየ ሰው መጨረሻ ላይ እጁን ሲቆጥብ ያስተውላል። ካሸነፈ በኋላም አልቅሷል። ሼቨርስ የሚያለቅስ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ለአሊ ከሆልምስ የተሻለ ጠላት አልነበረም።

ደግሞ በታኅሣሥ 1981 ባሃማስ ላይ ትሬቨር በርቢክ አሊን በነጥብ አሸንፏል። እዚያ ሆልምስ የለም።

«የመታው ደካሞችን ነው»

ይህን ያለው ባጃጅ የሚነዳው ወዳጃችን ነው። ስም ልጥራ። ዊቨርን በ1979 አሸነፈው፤ ዊቨር በዘጠኝ ወሩ ሻምፒዮን ሆነ። በርቢክን በ1981 አሸነፈው፤ በ1986 ሻምፒዮን። ቲም ዊዘርስፑንን በ1983፤ በዓመቱ ሻምፒዮን። ጄምስ ስሚዝን በ1984፤ እሱም በ1986 ሻምፒዮን። ደካማ ከተባሉ ደካሞቹ ቀበቶ ይወዳሉ።

ሆልምስ የሌለበትን ዓለም ለማየት ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሌላኛውን ቀበቶ ማየት ይበቃል። ከ1979 እስከ 1985 ታት፣ ዊቨር፣ ዶክስ፣ ኩትሲ፣ ፔጅ፣ ተብስ ተቀባበሉት። ስድስት ሰው! የፒያሳ ታክሲ ወንበር እንኳ እንዲህ አይፈራረቅም።

ልጁ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። በ1983 ገና 10 ፍልሚያ ያደረገውን ማርቪስ ፍሬዘርን አንደኛው ዙር ላይ ማውደም ጀግንነት አይደለም። በጣም ያስቸገረውን ዊዘርስፑንንም ደግሞ አልገጠመውም። ይህ ያሳማዋል፣ መታማቱም ተገቢ ነው።

«ማይክል ስፒንክስን ያገነነው ሆልምስ ነው»

ግማሽ እውነት። ስፒንክስ በ1976 ሞንትሪያል ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል፤ በቀላል ከባድ ሚዛን ሳይሸነፍ ነግሧል። ግን የዚያ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ የከባድ ሚዛኑን ቀበቶ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው የሆነው በመስከረም 1985 ሆልምስን አሸንፎ ነው። ሆልምስ እስከዚያ ቀን 48 ጊዜ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም ነበር። አንድ ቢጨምር 49 ጊዜ አሸንፎ ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለውን ሻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖን ይደርስበት ነበር።

«ታይሰን ቀድሞ ይነግሥ ነበር»

በምን ዕድሜው? ሆልምስ ሲነግሥ ታይሰን ገና 12 ዓመት አልሞላውም። ፕሮፌሽናል የሆነው በመጋቢት 1985፣ ሆልምስ ቀበቶውን ሊያጣ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። በኅዳር 1986 በ20 ዓመቱ የነገሠውም በርቢክን መትቶ ነው። መንገዱን የዘጋበት ሰው የለም።

ሁለቱ የተገናኙት በጥር 1988 ነው። ሆልምስ ሁለት ዓመት ገደማ አልተጋጠመም ነበር። ዕድሜው 38። አራተኛው ዙር ላይ በዝረራ ወደቀ። ልክ አሊ በ1980 እንደሆነው፣ በዚያው ዕድሜ፣ ከዚያው ዕረፍት በኋላ።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አሊ ይህን አየ?»

«እዚያው ነበር ጋሼ። ሊጀመር ሲል ሪንጉ ውስጥ ገብቷል።»

«እሰይ!» አሉና ሌላ ቡና አዘዙ።