የስኳርና የኩላሊት ሕመም አብረው ላሉበት ሰው «የኃይል ፍላጎት» ምንድን ነው?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኩላሊቱም ሲታመም ክልከላው ይደራረብበታል። ስለ ስኳሩ ጣፋጭ ነገር ይቀንስ ይባላል። ስለ ኩላሊቱ ደግሞ ጨው፣ ፕሮቲን፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይመጠን ይባላል። ሁሉንም በታማኝነት ለመፈጸም የሚጥር ታማሚ ብዙ ጊዜ የቀረው መንገድ ምግብን በጠቅላላው መቀነስ ይመስለዋል። ከልብ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ከእነዚያ ሁሉ ምክሮች መካከል «ሳትጠግብ ተነሣ» የሚል የለምና።

የኃይል ፍላጎት ማለት ሰውነት ልብን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ፣ ምግብ ለመፍጨትና ለመንቀሳቀስ በቀን የሚያወጣውን ጉልበት ለመተካት ከምግብ ማግኘት ያለበት መጠን ነው። መለኪያው ኪሎ ካሎሪ ነው። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ 1 ግራም ቅባት 9 ይሰጣል።

ኩላሊት ስለ ደከመ ብቻ ሰውነት በትንሽ ምግብ የሚኖር አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ላለበትና ጤናው ለተረጋጋ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪ ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1,500 እስከ 2,100 መሆኑ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ የትኛው ቁጥር ለማን ይሁን የሚለውን ዕድሜ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ውፍረትና የሕመሙ ደረጃ ይወስኑታል። ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ወደ ታችኛው ቁጥር ሊጠጋ ይችላል፤ ያም ቢሆን ቀስ በቀስና በባለሙያ ክትትል መሆን አለበት።

ዋናው ነገር ያለው በፕሮቲኑ ላይ ነው። ያው መመሪያ ሁለቱም ሕመሞች ላሉበትና የኩላሊት እጥበት ላልጀመረ ሰው በኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ0.6 እስከ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ይላል። በምሳሌያችን ከ36 እስከ 48 ግራም ይሆናል፤ ከእርሱ የሚገኘው ኃይል ግን 200 ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ከካርቦሃይድሬትና ከቅባት መምጣት አለበት። ካልመጣ ሰውነት ማገዶ እንዳለቀበት ቤት ምሰሶውን ማንደድ ይጀምራል፤ የተበላውን ፕሮቲን፣ ቀጥሎም የራሱን ጡንቻ ያቃጥላል። ከዚህ ቃጠሎ ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ ይወጣል፤ ዩሪያን የማስወገድ ሥራ ደግሞ የዚያው የደከመ ኩላሊት ነው። ፕሮቲን መመጠን ኩላሊትን የሚያሳርፈው ኃይሉ ከሌላ ቦታ ሲሟላ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣፋጭ ሳይሆን መጠኑ የታወቀ፣ ቀስ ብሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ካርቦሃይድሬትና እንደ አትክልት ዘይት ያለ ቅባት የዕለቱን ጉድለት ይሸፍናሉ።

ጡንቻ መመናመኑን ሚዛን ላያሳይ ይችላል። ውኃ በሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ክብደቱ እንዳለ ይቆያል። ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠልቆ ምልክት እየተወ የሰዓት ማሰሪያ ግን በክንድ ላይ የሚላላ ከሆነ ነገሩ ያሳስባል። የካሎሪውና የፕሮቲኑ ስሌት በእብጠት የጨመረውን ውኃ ሳይሆን ያለ እብጠት ያለውን ክብደት መያዝ ይኖርበታል። በተለይ ሕመሙ ሲገፋ በደም የተጠራቀመው ቆሻሻ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ አፍ ብረት ብረት ይላል። ያኔ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መመገብ ይረዳል።

የስኳሩን በኩል ስናይ ሌላ አደጋ አለ። ኢንሱሊንን ከደም ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ኩላሊት ነው፤ ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በጾም ሰዓት ስኳር በማምረት የሚያግዘውም ያው ኩላሊት ነበር። ስለዚህ የቆየው የመድኃኒት መጠን ሳይስተካከል አንድ ማዕድ ቢዘለል ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። ፖታሲየም እንዲቀንስ ለተነገረው ሰው ደግሞ ለዚህ ጊዜ ከፍራፍሬ ጭማቂ ይልቅ የግሉኮስ እንክብል መያዝ ይሻላል።

የኩላሊት እጥበት ሲጀመር ሒሳቡ ይለወጣል። የኃይሉ ወሰን በዚያው ይቆያል፤ ፕሮቲኑ ግን በኪሎ ግራም ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይደርሳል፤ እጥበቱ ራሱ የፕሮቲን ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይወጣልና። የድሮውን ክልከላ በልማድ የሚቀጥሉ ታማሚዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በሆድ በኩል በሚደረገው እጥበት ደግሞ የሚጨመረው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ግሉኮስ ስላለው ከፊሉ ወደ ደም ይገባል፤ ይህ ያልተበላ ስኳር ከቀኑ ካሎሪም ከኢንሱሊኑም ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።