የረቂቅ መሣሪያዎች ጥገና ትምህርት በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጆች

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ ትምህርቶችን በሚመድብበት መዝገብ ውስጥ የሰዓት፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የቁልፍና የካዝና እንዲሁም የጠመንጃ ጥገና በአንድነት «የረቂቅ መሣሪያዎች ጥገና» በሚባል ዘርፍ ሥር ይገኛሉ። ሙያዎቹ በመልክ ቢራራቁም ጠጋኙ ሊያስተካክለው የሚገባው ስሕተት ብዙውን ጊዜ በባዶ ዓይን የማይታይ በመሆኑ ይዛመዳሉ። በዘርፉ የሚያስተምሩት ጥቂት ኮሌጆች ናቸው። ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1944 ከወጣ በኋላ ለእንዲህ ዓይነቱ የእጅ ሙያ ፈላጊ በዝቶ ነበር፤ በኮሎራዶ የሚገኘው የትሪኒዳድ ኮሌጅም የጠመንጃ ጥገና ማስተማር የጀመረው በ1947 ነው።

የትምህርቱን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የሰዓት ጥገና ነው። ጀማሪው ሰዓት ከመክፈቱ በፊት በሞረድና በቶርኖ ብረት እየቀረጸ የራሱን መገልገያዎች ይሠራል፤ ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፣ ነገር ግን በመቶኛ ሚሊሜትር መሥራት ያልለመደ እጅ ወረንጦና ካቻቢቴ ይዞ ወደ ሰዓት ቢገባ ከሚጠግነው የሚያበላሸው ይበዛል። የብዙ ዘመናዊ ባለሞላ ሰዓቶች ተወዛዋዥ ጎማ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ እየዞረ የሰዓቱን አካሄድ የሚመጥነው ትንሽ ቀለበት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 8 ጊዜ ይመታል። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስላለው በቀን 5 ሴኮንድ የሚዘገይ ሰዓት የተሳሳተው ከ17 ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ተማሪው ግን የዚህችን ስሕተት ምክንያት መፈለግን ይማራል። ምቱን በማይክሮፎን የሚያዳምጥ መለኪያ ላይ ሰዓቱን አጋድሞ፣ ከዚያም በጠርዙ ቀጥ አድርጎ ያነጻጽራል፤ ተጋድሞ በትክክል የሚሄደው ሰዓት በጠርዙ ቀጥ ሲል ከዘገየ፣ ምክንያቱ የጎማው ሚዛን መዛባት ወይም የዘንጉ ጫፍ ማለቅ ሊሆን ይችላል። ሳይለኩ መፍታት በዚህ ትምህርት ትልቅ ጥፋት ነው።

የነሐስና የእንጨት ነፋስ መሣሪያዎች ጥገና በሚኒሶታ ሬድ ዊንግ ከተማ ባለው የመንግሥት ኮሌጅና በአዮዋ ሱ ሲቲ በሚገኘው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ይሰጣል። የሳክስፎን ድምፅ ሲታፈን ተማሪው በጨለመ ክፍል ውስጥ አምፖል በቱቦው አስገብቶ ቀዳዳዎቹን በሚደፍኑት ንጣፎች ዙሪያ ብርሃን መሹለክ አለመሹለኩን ያያል፤ ብርሃን በሾለከበት ሁሉ አየር ይሾልካል። የሰረጎደ ቱቦ ማቃናት፣ መበየድና ቡሽ መቀየርም የዕለት ተዕለት ልምምዱ ናቸው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ባንድ ስላላቸው ሥራው በተለይ በክረምቱ ዕረፍት፣ መሣሪያዎቹ ለጥገና በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ ይበረታል።

የምስክር ወረቀት በአንድ ዓመት ገደማ፣ ዲፕሎማ በሁለት ዓመት ይገኛል። በዲቪ ሄዶ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ኢትዮጵያዊም፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ መጠየቅ ይችላል። አመልካቹ ከትምህርት ክፍያው ሌላ የመገልገያዎችን ዋጋ አስቀድሞ ቢያሰላ ይበጀዋል፤ ተማሪው በራሱ ገንዘብ የሚገዛቸው አጉሊ መነፅር፣ ወረንጦና ሞረዶች ከተመረቀም በኋላ ይዟቸው ሥራ የሚገባባቸው ናቸው።