ቶኩሳትሱ ምንድን ነው? የጎማ ልብሱን እንተወውና

«ቶኩሳትሱ ማለት ሰው የጎማ ልብስ ለብሶ ካርቶን ቤት ሲረግጥ ነው።» ሰሞኑን ደግሞ አንዱ እንዲህ ብሎ ደመደመ። ይኼን መስማት በቃኝ! ካሜራ ይዤ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ልብሱን ትቼ ስለ ካሜራው ላውራ።

ቶኩሳትሱ የጃፓኖች የልዩ ቀረጻ ጥበብ ነው። ትንንሽ ከተማ፣ መርከብ፣ አውሬ ተሠርቶ ካሜራ ፊት ይንቀሳቀሳል። አባቱ የሚባለው ኤጂ ትሱቡራያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፉኩሺማ፣ ሱካጋዋ ተወለደ፤ በ1970 አረፈ። ከሁሉም በፊት ግን ካሜራማን ነበር። ይቺ ትያዝልኝ።

የ1954ቱን የአውሬ ፊልም ጎድዚላን እንውሰድ። አውሬው 50 ሜትር ነው ተብሏል፣ ልብሱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቶኪዮ በ25 እጥፍ አንሳ ተሠራች። እዚህ ላይ ነው ያ ሰውዬ «ስሎ ሞሽን ያደረጉት ለማሳመር ነው» የሚለው። አይደለም! ከ50 ሜትር ከፍታ የወደቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 3 ሰከንድ ከምናምን ይፈጅበታል። ከ2 ሜትር ሲወድቅ ግን አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ 5 እጥፍ ይፈጥናል። ቁመቱን 25 ጊዜ አሳንሰሃል፣ የመሬት ስበትን ግን ማሳነስ አትችልም። መፍትሔው በ5 እጥፍ ፍጥነት መቅረጽ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የነበረው 120 ይሆናል፤ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ፍርስራሹም ክብደት ያገኛል። (ይህ የወረቀት ስሌት ነው። ቀረጻ ላይ ፍጥነቱ እንደየትዕይንቱ ይለያያል። አውሬው ሲራመድና ሕንፃ ሲናድ አንድ አይደሉም።)

መዘዙ ደግሞ መብራት ላይ ይመጣል። 5 እጥፍ ስትፈጥን እያንዳንዱ ፍሬም የሚያገኘው ብርሃን አንድ አምስተኛ ነው። ትንሽ ሞዴል ትልቅ እንዲመስል ደግሞ ቅርቡም ሩቁም ጥርት ማለት አለበት፤ ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ ታጠባለህ፣ ብርሃኑ ይብሳል። አምፖል ላይ አምፖል ትጨምራለህ። ልብሱ ውስጥ የነበረው ሀሩኦ ናካጂማ በላብ የተጠመቀው የጎማው ውፍረት ብቻ አይደለም ምክንያቱ።

ሁሉም ነገር ግን በዚህ ስሌት አይታረቅም። ልብስ ሰፊ የአባትን ካፖርት ለልጅ ሲያጠብ እጅጌው ያጥራል፣ ትከሻው ይጠባል፣ ቁልፎቹ ግን ያው ናቸው። የውሃ ጠብታና የእሳት ነበልባል የዚህ ሙያ ቁልፎች ናቸው። መርከቡን 25 ጊዜ ብታሳንሰውም ጠብታው ያው ጠብታ ነው፤ ኮቱ የማን እንደነበር ያሳብቃል። ጎበዝ ሰፊ ቁልፉን በጨርቅ ይሸፍነዋል። ትሱቡራያም ከአውሮፕላን ቁልቁል ለሚታይ ባሕር ውሃውን ትቶ አጋር ተጠቀመ፤ ከባሕር አረም የሚሠራ ጄሊ ነው። ማዕበሉ እንደረጋ ይቀራል፣ ከዚያ ከፍታ ግን ዓይን አይጠረጥርም። ሰፊው ራሱ ቁልፍ መሥራት ቢችል ኖሮ... በቃ፣ ምሳሌው እዚህ ይብቃው።

ሌላም የሚያናድደኝ አለ፤ «የጎድዚላ ዳይሬክተር ትሱቡራያ ነው» የሚሉት። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ነው። ተዋንያኑን ሆንዳ፣ ሞዴሉንና አውሬውን የትሱቡራያ ቡድን ቀረጸ። ሁለቱን አንድ ፊልም ማስመሰል ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሥራው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴም አይደለም። በ1942 ፐርል ሃርበርን በሞዴል ያሳየበት ፊልም የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ነበር። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ፣ በ1948፣ አገሩን በተቆጣጠረው የአሜሪካ መራሽ ኃይል የማግለል ዘመቻ ከቶሆ ስቱዲዮ እንዲወጣ ተደርጓል። በ1963 የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ አልትራማን የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በ1966 የወጣው ከዚያ ነው።

«አሁን ኮምፒውተር አለ፣ ይኼ ሁሉ ቀርቷል» ለሚለኝ ደግሞ፦ ኮምፒውተር ላይ ሕንፃ የሚያፈርስ ባለሙያም መጀመሪያ የሚሞላው መጠኑን ነው። 50 ሜትሩን 2 ሜትር ብሎ ካስገባ ፍርስራሹ ልክ እንደ አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ ይበተናል፤ እዚያ ደግሞ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው የለም።