በአማተር የትራክተር ጉተታ ተፎካካሪ ሆኖ የመዝለቅ ወጪ

የትራክተር ጉተታ በአፈር መም ላይ ከባድ ተጎታችን ከሌሎች አርቆ የመሳብ ውድድር ነው። በሞተር የተደረጉ ቀደምት ውድድሮች ተብለው የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት ቮንስቪል እና በኦሃዮ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን የተካሄዱት ናቸው። ደንቡ ለረጅም ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በ1969 የስምንት ግዛቶች ተወካዮች ተሰባስበው ብሔራዊ የትራክተር ጎታቾች ማኅበርን ሲመሠርቱ ወጥ ሕግ ተበጀለት። ዛሬ በአውሮፓም፣ በተለይ በኔዘርላንድስ፣ ብዙ ተመልካች አለው።

ወጪው ለምን ማቆሚያ እንደማይኖረው ለመረዳት ተጎታቹን ማየት ይበቃል። ትራክተሩ ወደፊት በሄደ ቁጥር በተጎታቹ ላይ ያለው የክብደት ሣጥን ከኋላ ጎማዎቹ እየራቀ ወደ ትራክተሩ ይጠጋል፤ የተጎታቹ ግንባርም መሬቱን ይበልጥ እየተጫነ ይሄዳል። ሸክሙ በእያንዳንዱ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ 300 ጫማ (91 ሜትር ገደማ)፣ በአውሮፓ 100 ሜትር የደረሰ ሙሉ ጉተታ ፈጸመ ይባላል። ከአንድ በላይ ተወዳዳሪ እዚያ ከደረሰ ተጎታቹ ይከብድና እንደገና ይለያሉ። ስለዚህ «ይህ ጉልበት ይበቃኛል» የሚባልበት ደረጃ የለም።

ጀማሪ ግን ገንዘቡን ሞተር ላይ ማፍሰስ የለበትም። ጎማው መሬቱን ካልነከሰ የሞተሩ ጉልበት አፈር ከመበተን አያልፍም። ክብደቱን ከፊትና ከኋላ በትክክል ማከፋፈል፣ የመጎተቻውን መንጠቆ ከፍታ ሕጉ እስከፈቀደው ጫፍ ማድረስና የጎማውን አየር መቀነስ ብዙ ብር ሳይጠይቁ ርቀት ይጨምራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የተቆረጠ ጎማ ነው። የጎማው ጥርስ በእጅ እየተሞረደ ጠርዙ ስለት እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ሥራው ቀናት ይፈጃል። ያ ስለት በጥቂት ጉተታዎች ይደነዝዛል፤ ደግሞ በተሞረደ ቁጥር ጥርሱ እያጠረ ጎማው ወደ መጣያው ይቀርባል።

ሞተር ላይ የሚወጣውን ገንዘብ የሚወስነው የየምድቡ ሕግ ነው። «ውስን ፕሮ ስቶክ» በሚባለው ምድብ የተርቦው (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የአየር መግቢያ ከ4.1 ኢንች እንዳይበልጥ ተገድቧል። ዓላማው ወጪን መቀነስ ቢሆንም ገንዘቡ ወደ ሌላ በር ይዞራል፤ በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ ከሚገባው አየር ብዙ ጉልበት ለማውጣት የተሻለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ የበለጠ የሚገፋ የናፍጣ ፓምፕ፣ አየሩን በበረዶ ውኃ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ይገዛል። አንድን ዕቃ መገደብ ወጪን ከማጥፋት ይልቅ ያዘዋውረዋል። የተሻለ የሚሠራው የሞተሩን ዙር ወይም የጉዞውን ፍጥነት መገደብ ነው። በአሮጌ ትራክተሮችና በእርሻ ትራክተሮች ምድብ ይህ ስለሚደረግ፣ በሳምንቱ ማሳ ሲያርስ የከረመ ትራክተር ቅዳሜ መም ላይ ወጥቶ የማሸነፍ ዕድል አለው።

ከዚያ በላይ ባሉት ምድቦች ዋናው ወጪ ስብራት ነው። በማሳ ላይ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር እንዲሠራ የታሰበ ሞተር ከእጥፍ በላይ ሲሽከረከር ፒስተንና እሱን የሚይዘው ዘንግ (ቢዬላ) የሚበጠሱበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ጥንቁቅ ጎታች ከውድድር ሲመለስ የዘይት ማጣሪያውን ቆርጦ ይከፍታል፤ የወረቀቱን እጥፋቶች ዘርግቶ በብርሃን ይመረምራል። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካየ ሞተሩን ይፈታል። መፍታቱ ያስወጣል፤ አለመፍታቱ ግን ሙሉውን ሞተር ሊያስከፍል ይችላል። የፍሪሲዮን ሸራዎችም እየተለኩ ይቀየራሉ። የመገልበጥ መከላከያ ብረት፣ የፍሪሲዮን መሸፈኛ፣ ከተጎታቹ ጋር ታስሮ ትራክተሩ ሲላቀቅ የሚሳብ የሞተር ማጥፊያና እሳት የማይበላው ልብስም ወጪ ናቸው። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር ነውር ነው፤ የሚበረው ብረት ከነጂው አልፎ ተመልካች ጋ ሊደርስ ይችላልና።

የሽልማት ገንዘብ ይህን ሁሉ አይሸፍንም። ብዙ ጊዜ ትራክተሩን የሚያጓጉዘውን ከባድ መኪና ነዳጅ ከመለሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ አማተሩ ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፤ ከላይኛው ምድብ የተሻለ ተርቦ የገዛ ሰው አሮጌውን ሲሸጥ የታችኛው ያነሣዋል። ይህ ገበያ ብዙዎችን በስፖርቱ ውስጥ አቆይቷል። በዚያው ልክ ግን የታችኛውን ምድብ አቅም በየዓመቱ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ባለፈው ዓመት ያሸነፈ ትራክተር ምንም ሳይለወጥ በዚህ ዓመት መሀል ላይ ሊቀር ይችላል።