የአርክ ብሬከር በስሪ ፌዝ ፓናል፤ በወሎ ቤቶች

ደሴ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ጓዳ ገብታችሁ የምጣዱን ሶኬት እዩት። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ዙሪያ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩም ቀልጦ ተጣሟል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ሽቦው ከላላ በክፍተቱ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል። አርክ የሚባለው ይህ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ በሆነ ቤት ውስጥ እሳት ለማስነሳት ብዙ አያስፈልገውም።

የተለመደው ብሬከር ይህን አያውቅም። የሚወርደው ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው፤ የላላ ሽቦ ግን ከረንቱን አያበዛውም። ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጠው አርሲዲም ዝም ይላል፤ ወደ መሬት የፈሰሰ ነገር የለምና። የአርክ ብሬከር ግን የከረንቱን ሞገድ እየተከታተለ የአርክን ጠባይ ይለይና መስመሩን ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይኢሲ 62606 የተባለው የእነዚህ ብሬከሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ በ230 ቮልት መስመር ላይ የ2.5 አምፔር አርክ በ1 ሰከንድ፣ የ16 አምፔር ደግሞ በ0.15 ሰከንድ ውስጥ እንዲቋረጥ ያዛል።

ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ሦስት ኃይል ያለባቸው ሽቦዎች (ፌዞች) የሚገቡበት ቤት ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት አለ። አብዛኞቹ የአርክ ብሬከሮች የሚሠሩት ለአንድ ፌዝና ለኒውትራል ነው። ስለዚህ በዋናው ብሬከር ቦታ አይገቡም፤ ከሱ በታች በየመስመሩ ይገባሉ። ብሬከሩ ውድ ስለሆነ ከምጣዱና ከመኝታ ቤቱ መስመር መጀመር ይበጃል ባይ ነኝ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው የ120 ቮልት ብሬከር ግን ለኛ መስመር አይሆንም።

ትልቁ ስህተት ኒውትራል ላይ ነው። ሁለት መስመር አንድ ኒውትራል ከተጋራ ብዙዎቹ ያለ ጥፋት ይወርዳሉ። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ኒውትራል ይሳብ። ዋናው ኒውትራል ከላላ ደግሞ ጭነት የቀለለበት ፌዝ ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚያቃጥለው ይኸው ነው። የአርክ ብሬከር ከዚህ ያድናል ብላችሁ አትመኑ። የዋናውን ፓናል ብሎኖች ባለሙያ መብራት አጥፍቶ ያጥብቃቸው።

የወፍጮ ቤት ስሪ ፌዝ ሞተር የሚፈልገው ከአርክ ብሬከር ይልቅ የኦቨርሎድ (የጭነት መብዛት) እና የፌዝ መጥፋት መከላከያ ነው። ብየዳ ቤት ውስጥም የብየዳው ብልጭታ ራሱ ብሬከሩን ሊያደናግረው ይችላል።

ቤት ውስጥ የገባው ብሬከር ደጋግሞ ከወረደ ዝም ብሎ መመለስ አይገባም። መጀመሪያ ተከፍቶ የሚታየው የምጣዱ ሶኬት ነው።