«ጉበቴ በምድር ላይ ፈሰሰ»፦ የሰቆቃወ ኤርምያስን ሥዕላዊ ቃል ስለ መተርጐም

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 በባቢሎናውያን እጅ መውደቋ የተለቀሰው በሰቆቃወ ኤርምያስ ነው። በምዕራፍ 2 ቍጥር 11 ባለቅኔው ዓይኑ በእንባ እንደ ደከመ፣ አንጀቱ እንደ ታወከ፣ ጉበቱም በምድር ላይ እንደ ፈሰሰ ይናገራል። አንጀቱን ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያስፈልግም፤ እኛም ስናዝን የሚላወሰው፣ ስንራራም የሚንሰፈሰፈው አንጀታችን ነውና።

ጉበት ግን በቋንቋችን የሐዘን ማደሪያ ስላልሆነ ተርጓሚው «እጅግ አዘንሁ» ብሎ ለማለፍ ይፈተናል። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም በዚህ ስፍራ «ክብሬ» ይላል፤ በዕብራይስጥ የጉበትና የክብር ተነባቢዎች አንድ ስለሆኑ፣ አናባቢ ምልክት በሌለው ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም ማንበብ ይቻላል። (የእኛው ግእዝም ጉበትን «ከብድ» ይለዋል፤ ይኸው ቃል ሆድንም ስለሚያመለክት «ሆዴ ፈሰሰ» የሚል ተርጓሚ ከሥሩ ብዙ አልራቀም።)

እኔ ጉበቱ በስፍራው ይቆይ እላለሁ። ከጉበቱም ይልቅ የምሳሳለት «ፈሰሰ» የሚለው ግስ ነው። «ሻፋክ» የሚለው የዕብራይስጥ ግስ በዚሁ ምዕራፍ አራት ጊዜ ይመላለሳል፦ በቍጥር 4 እግዚአብሔር ቍጣውን እንደ እሳት አፈሰሰ፤ በቍጥር 11 የባለቅኔው ጉበት ፈሰሰ፤ በቍጥር 12 በረኀብ የዛሉት ሕፃናት ነፍስ በእናቶቻቸው ብብት ፈሰሰች፤ በቍጥር 19 ደግሞ ጽዮን ልቧን እንደ ውኃ በጌታ ፊት እንድታፈስስ ታዘዘች። ተርጓሚው ለውበት ብሎ አንዱን «አወረደ»፣ ሌላውን «ተዘረገፈ»፣ ሦስተኛውን «ወጣች» ቢል እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲነበብ ያምራል፤ ነገር ግን አንባቢው ከላይ የፈሰሰው ቍጣ፣ በመካከል የፈሰሰው ሕይወትና ወደ ላይ ሊፈስስ የሚገባው ጸሎት በአንድ ቃል እንደ ተያያዙ አያይም። («ተዘረገፈ» በተለይ የይሁዳን አሟሟት ስለሚያስታውስ እዚህ አልወደውም።) አማርኛ ደግሞ «ፈሰሰ»ንና «አፈሰሰ»ን ይዞ አራቱንም ስፍራ ሳይቸገር ይሸፍናል።

ሐና በ1ኛ ሳሙኤል 1፥15 ለካህኑ ዔሊ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ስትነግረው የተናገረችው ይህንኑ ግስ ነው። እርሷ ልጅ ለማግኘት አፈሰሰች፤ ጽዮን ግን በየጎዳናው ራስ ለሚዝሉት ልጆቿ ነፍስ እጆቿን አንሥታ እንድታፈስስ ተጠየቀች። «አፍስሺ» የሚለው ትእዛዝ በዕብራይስጡም በአማርኛውም በሴት አንቀጽ ስለሚነገር፣ አንባቢው የሚያየው የፈረሰ ቅጥር ሳይሆን በሌሊት የተነሣች እናት ነው። በቍጥር 20 እርሷ ራሷ «አቤቱ፥ እይ፥ ተመልከትም» ብላ ማፍሰስ ትጀምራለች።